ምንጎደለኝ የተባለው ውሻ

ሸዋዬን በዚህ ዓለም ላይ የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነው። የከረመ ውሃ ያስጠላታል፤ የሰው ላብ ያስጠላታል፤ ጣታቸውን ልሰው መልሰው ወደ ትሪው የሚሰዱ ሰዎች ያስጠሏታል፤ ዝንብ ባረፈበት ጨርቅ ጠረጴዛ የሚወለውሉ አስተናጋጆችማ ከነነፍሳቸው ያስጠሏታል። ጎብዬ አጠገብ ባለች መንደር ስትወለድ አዋላጇ "ይቺስ ገና ከመውጣቷ አፍንጫዋን ያዘች" ብላለች እየተባለ ይቀለድባታል። እንዲህ ያለ አፍንጫ የሰጣትን ሴት እግዜር ወስዶ ወስዶ ቆቦ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጌታሁን ሥጋ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ አደረጋት። አስራ አንድ ዓመት ሆናት።

ጠዋት የመክተፊያውን ጉቶ በሙቅ ውሃና በጨው ትፈገፍጋለች። ሥጋው የሚሰቀልበትን ሜንጦ ታጥባለች፣ ወለሉ ላይ የረጋውን ደም በመጥረጊያ እየገፋች ወደ ቦዩ ታወርዳለች። የራያ ቆላ ሙቀት ደግሞ ለአፍንጫ አያዝንም፤ ረፋድ ላይ ጭል ጭል ያለው ሽታ ቀትር ላይ ቤቱን ሞልቶ ይጠብቅሃል። ሸዋዬ በሁለቱም አፍንጫዋ የጤና አዳም ቅጠል ወትፋ ትሠራለች። ሥጋ መብላት ከተወች ቆይታለች። ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚያንገፈግፋት የጌታሁን ውሻ ነበር።

ስለ ውሻው ለማውራት መጀመሪያ ስሙን ማስረዳት ግድ ይላል። ጌታሁንና ዋሲሁን ድሮ አንድ ሥጋ ቤት በሽርክና የያዙ ባልንጀሮች ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተጣሉ፤ አንዱ በሻኛ ነው ይላል፣ ሌላው በሴት ነው ይላል፣ እነሱም ራሳቸው አሁን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ዋሲሁን ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ የራሱን ሥጋ ቤት ከፈተና "ጌታሁን ያለ እኔ ዓመት አይደፍንም፤ ሻኛና ሽንጥ እንኳ አይለይም" እያለ አስወራ። ጌታሁን አፍ አውጥቶ አልተሳደበም። በሀገሩ ወግ ለባላጋራ የሚሰጥ መልስ በውሻ ስም ይላካል፤ ሰው ሰደበ አይባልም፣ ውሻውን ጠራ ነው። ከሮቢት አንድ ቡችላ አመጣና "ምንጎደለኝ" አለው። በራፉ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ እያየ "ምንጎደለኝ! ምንጎደለኝ! ና ብላ!" ማለት ጀመረ።

ዋሲሁን ሳይውል ሳያድር ወደዚያው ወደ ሮቢት ሄዶ፣ ከዚያችው እናት የተወለደ ሁለተኛ ቡችላ አምጥቶ ስሙን "እናያለን" አለው። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለት ጎልማሶች፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ሰዎች፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆመው "ምንጎደለኝ!" "እናያለን!" ሲባባሉ ኖሩ። የአውቶቡስ መንገደኛ ይስቃል። ሸዋዬን አያስቃትም፤ ያቅለሸልሻታል።

ስሙ እንዲህ ከሆነ ዘንድ ውሻው መክሳት አይፈቀድለትም። የከሳ ምንጎደለኝ የጌታሁን መሳቂያነት ነው። ስለዚህ ከበሬው ሆድ የወጣው ሞራ ለሱ ነው፣ የኩላሊቱ ስብ ለሱ ነው፣ ደንበኛ ያልጨረሰው ጮማ ለሱ ነው። የከባድ መኪና ሹፌሮች ጥሬ ሥጋቸውን ሲጨርሱ የቀረውን በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል፣ የጠጡትን ለስላሳ ትራፊ በሰሃን ያፈሱለታል። ከዚያ "ጌታሁን፣ ውሻህ ተመችቶታል!" ይላሉ። እሱም ሽርጡን እያስተካከለ ወደ ማዶ ያያል።

ተመችቶታል! እኛ የወፈረውን ሁሉ ተመቸው እንላለን። ትንፋሽ ቢያጥረውም፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ቢለውም፣ ሆዱ ቀድሞት ቢገባም ተመቸው ነው። ምንጎደለኝ በአምስት ዓመቱ አንገቱና ደረቱ ተጋጥመው ገመድ ማሰሪያ ጠፋ። በሰባት ዓመቱ ከተኛበት ለመነሳት ሁለቴ ሦስቴ ይሞክር ነበር። ቀትር ላይ ምላሱን ዘርግቶ ሲያለከልክ ድምፁ ከደንበኛው ጨዋታ በላይ ይሰማል፤ ለሃጩ ወለሉ ላይ ይዝረከረካል፤ የምትጠርገው ሸዋዬ ናት። በዘጠኝ ዓመቱ ጭራሽ ሽማግሌ ሆነ።

ማዶ ያለው ወንድሙስ? ዋሲሁን ስስታም ነው፤ የሰለጠነ ስስታም። አጥንቱን ለሾርባ ይሸጠዋል፣ ሞራውን ሻማ ለሚሠሩ ይሸጠዋል። ለእናያለን በቀን አንዴ የማሽላ እንጀራ ፍርፋሪ በአጥንት ውሃ ነክሮ ይወረውርለታል፤ የቀረውን ውሻው ራሱ ሮጦ ይፈልግ። እናያለን በዘጠኝ ዓመቱ ባጃጅ እያባረረ እስከ መናኸሪያው ይደርሳል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ጥርሱ ያልጎደለ፣ ወገቡ የጎረምሳ። አላፊ አግዳሚው ግን እሱን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ "ምስኪን፣ አልተመቸውም" ይላል። ሸዋዬ ይህን በሰማች ቁጥር ምራቋን ትውጣለች።

ሑዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል። ሸዋዬ በዓመት አንዴ የምታርፈው፣ ውሻውም በዓመት አንዴ ትንፋሹ የሚመለስለት በዚያ ነበር። ጾሙ ሲያልቅ ምንጎደለኝ ራሱን ችሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ያለፈው ሑዳዴ ግን ዋሲሁን ከማዶ ሆኖ፣ "ጌታሁን፣ ውሻህም ጾም ያዘ እንዴ? ወይስ ጎደለው?" ብሎ ተረበው። በማግስቱ ጌታሁን ጥቁር ፌስታል ይዞ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሲገባ ታየ። ከዚያም በየሁለት ቀኑ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ የንስሐ አባቱ ጠርተው "ልጄ፣ እውነት ነው ወይ?" ሲሉት "ለውሻዬ ነው አባቴ" አለ፤ ማን ይመነው! ሰውየው ጾሙን አልገደፈም፤ ይህን ሸዋዬም ትመሰክርለታለች። ለእልሁ ሲል በሑዳዴ ሥጋ ተሸክሞ መዞሩ ግን ከመግደፍ ይብስባታል።

ከፋሲካ በኋላ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነጅሙዲን ሥጋ ሊመረምርና ማኅተም ሊመታ መጣ። ረጋ ያለ ወጣት ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውሻውን ቆሞ አየው።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ይሄ ዘጠኝ ዓመቱ አይደል? ዘጠኝ ዓመት እኮ እንዲህ አያስረጅም፤ ያስረጀው ስቡ ነው። ሞራውን ተውለት፣ የሚበላውን ግማሽ አድርግለት፣ ጠዋትና ማታ ይራመድ። ማዶ ያለውን ወንድሙን አታየውም?"

ወንድሙን መጥቀስ አልነበረበትም። ጌታሁን ቢላውን ጉቶው ላይ ሰካው።

"የዋሲሁን ውሻ ምሳሌ ሆኖ ይቅረብልኝ? ምንጎደለኝን አክሳውና ሰው ይሳቅብህ ነው የምትለኝ? በል፣ ማኅተምህን መትተሃል፣ ሂድልኝ።"

"አላህ ልቦና ይስጥህ" አለ ነጅሙዲን፤ ሄደ።

ሐምሌ ላይ ምንጎደለኝ ማንም ሳይነግረው መክሳት ጀመረ። እየበላ ነው የሚከሳው። መጀመሪያ ቆዳው ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ዳሌው ሾለ። ጌታሁን ደነገጠና ሞራውን በእጥፍ አደረገው። ውሻው ያንን ውጦ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ድሮ አንድ ጣሳ የማይጨርስ አሁን ባልዲ ሙሉ ይጨልጣል፤ ጠጥቶ ሳይጨርስ እቆመበት ይሸናል። ሸዋዬ በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ታጥባለች፣ ትራገማለች። ውሻው በሸናበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ጉንዳን ተሰልፎ ስታገኝ አንድ ነገር ውስጧን ቆጥቆጥ አደረጋት፤ ግን መጥረጊያዋን አንስታ ጠረገችው።

ከዚያ ዓይኖቹ ነጡ። ጠረጴዛ እየገጨ፣ የሰው እግር መሐል እየገባ ይሄድ ጀመር። ሹፌሮቹ ሳቁ፤ "የበላው ሞራ ዓይኑ ላይ ወጣ" ተባለ፤ የዓይን ሞራ አይደል የሚባለው! ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አልቀረም፤ ጌታሁን አመነው። "እንግዲያው ሞራው ከሆዱ ወደ ላይ ስለወጣ ነው የከሳው፤ ሲበላ ተመልሶ ይወርዳል" አለ። ይህን ያለ ሰው ሦስት ልጆች አስተምሯል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸዋዬ ውሻው የተኛበትን ማዳበሪያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ከአፍንጫዋ ቅጠሉ ወደቀ። ውሻው ቀና ብሎ ፊቷ ላይ ተነፈሰ። ሽታው ጣፋጭ ነበር፤ ከርሞ የላመ ፍሬ ዓይነት፣ አረቄ አረቄ የሚል። ሸዋዬ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ሽታውን ታውቀዋለች።

ባሏ ይሁኔ መናኸሪያ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት ቤቱ ባዶ በሆነበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሰውየው ከሳ፣ ውሃ ውሃ አለ፣ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲገባ ይህን ሽታ ይዞ ገባ። "ጠጥተህ መጣህ!" አለችው። ከተጋቡ ጀምሮ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነው። "ሸዋዬ፣ በእመብርሃን፣ አልጠጣሁም" አላት። "ታዲያ የሚሸተኝ ምንድን ነው? አፍንጫዬ ይዋሻል?" አልጋውን ለይታ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ አስተኛችው። አስራ ሁለት ቀን ሊያናግራት በቀረበ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱም በየቀኑ፣ ድምፁ እየሳሳ፣ "አልጠጣሁም እኮ" ይላል። በአስራ ሦስተኛው ቀን ወደቀ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የቀረች አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ አሸተተችውና "ይሄ የስኳር ሽታ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ሰው "መድኃኒት ጠፍቶ ሞተ" ይላል፤ እውነት ነው። እሷ ግን አስራ ሁለቱን ቀናት ታውቃቸዋለች። ሸዋዬን በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉም አብልጦ የሚያስጠላት የገዛ አፍንጫዋ ነው።

ከወለሉ ተነስታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ ነጅሙዲንን ልትጠራ ሄደች። ነጅሙዲን ጓንቱን አጥልቆ ከውሻው ጆሮ ጠብታ ደም ወሰደ፤ የስኳር መለኪያው ላይ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ።

"እትዬ ሸዋዬ፣ መሣሪያው ቁጥሩን መናገር አቃተው። ከመለኪያው በላይ ነው።"

"ይድናል?"

"መዳንስ አይድንም። በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ቢወጋ፣ ምግቡም ቢስተካከል ግን ሊሰነብት ይችላል። የሰውን ኢንሱሊን ፈልጌ አመጣለሁ። ዛሬ ነገ ካላችሁ ግን ያልቃል። ባለቤቱ ይፍቀድ ብቻ።"

"እኔ እወጋዋለሁ" አለች ሸዋዬ።

"አንች? ይሄን ውሻ?"

"እኔ።"

ነጅሙዲን ጓንቱን አውልቆ፣ በሃይማኖቱ እንደታዘዘው እጁን በአፈርና በውሃ ሰባት ጊዜ ሲታጠብ ቆይቶ፣ "አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ መታጠብ ነው የታዘዝነው፤ ማዘንን የከለከለን የለም" አላት።

ጌታሁን አልፈቀደም። "ስኳር? ውሻ ስኳር ያመዋል? በሽተኛ ውሻ ያለበት ሥጋ ቤት ማን ይበላል? ዋሲሁን ነገ 'ሥጋው ነው ያሳመመው' ብሎ ያስወራል። አፍሽን ዝጊ፣ አንች ሴት።" በዚያው ቀን ውሻውን ጓሮ ወስዶ ጨው ከተነሰነሰበት የቆዳ ክምር አጠገብ አሰረው። ሸዋዬ ውሃውን ታቀርባለች፤ ሞራውን ከፊቱ አንስታ ትጥላለች፤ ከሌላው ሁሉ ጋር ውሻውም ተጠርጎ እስኪወጣ የተቀመጠ ቆሻሻ ሆኗል። የዝንቡ ብዛት ያስጠላል። የራሷ ዝም ማለት ይብስ ያስጠላታል።

ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጌታሁን ከጎብዬ ያስመጣውን ድብልብል ቡችላ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮለት በራፉ ላይ አቆመው።

"ስሙ ማን ነው ጋሽ ጌታሁን?" አለች ሸዋዬ።

"ምንጎደለኝ ነዋ! ስም ይሞታል እንዴ?"

ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ ወደ ማዶ እያየ፣ ገበያተኛው እስኪዞር ድረስ ጮኸ። "ምንጎደለኝ! ምንጎደለኝ! ና ብላ!"

ቡችላው ስሙን አያውቀውም፤ የሰው ጫማ ያኝካል። ጌታሁን ደግሞ ጠራ። በጓሮው በር በኩል የሆነ ነገር ሲንኳኳ ተሰማ። ገመዱ የድሮውን ወፍራም አንገት በለመደ እጅ ላልቶ የታሰረ ነው፤ ከከሳው አንገት ሾልኮ ወጥቷል። አሮጌው ውሻ በግድግዳው እየታከከ፣ የወንበር እግር እየገጨ፣ ወድቆ እየተነሳ መጣ። ምንም አያይም፤ ዘጠኝ ዓመት የሚያውቀውን ድምፅ ይከተላል። አንድ ሹፌር እግሩን አነሳለት። የጌታሁን ጫማ ላይ ደርሶ ራሱን ጣል አደረገ፤ ጅራቱ አንዴ መሬቱን መታ።

ከማዶ ዋሲሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጌታሁን! የትኛው ነው ያልጎደለህ?"

የጌታሁን ፊት ደም መሰለ። ጫማውን ከውሻው ራስ ስር መንጭቆ አወጣ።

"ሸዋዬ! ይሄን ጥረጊልኝ!"

ሸዋዬ አስራ አንድ ዓመት የጠረገችበትን መጥረጊያ ጉቶው ላይ አስደገፈች። ከአፍንጫዋ ቅጠሉን አውጥታ ጣለች። ነጠላዋን ዘርግታ ውሻውን ጠቀለለችውና ታቀፈችው፤ ሽንቱ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ጌታሁን ከኋላዋ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማችውም። ወደዚያ ቤትም አልተመለሰችም።

ኋላ እንደሆነው ውሻው አስራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ነጅሙዲን መርፌ አያያዝ አስተማራት፤ ጠዋትና ማታ ወጋችው፤ በአራተኛው ቀን ያ ሽታ ጠፋ፤ በሰባተኛው ቀን በግቢዋ ውስጥ አጥሩን እየታከከ ዞረ። ከዚያ በላይ ቆሽቱም ልቡም አልቻሉም። ብቻውን አልሞተም፤ አጠገቡ ነበረች። በስሙ ግን አንድም ቀን አልጠራችውም።

ያን የገበያ ቀን ከሥጋ ቤቱ እንደወጣች ወደ ነጅሙዲን ለመድረስ ባጃጅ አስቆመች። ባለባጃጁ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያት፤ ፊቷ ከውሻው ፊት ጋር ተጣብቋል፤ ትንፋሹ በአፍንጫዋ ይገባል፤ እሷ አታዞርም። ልጁ አየሩን ማግ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"ኧረ እትዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው? ይሄ ውሻ አረቄ ጠጥቷል እንዴ?"

"አልጠጣም" አለች ሸዋዬ። እንባዋ ወረደ። "አልጠጣም። ታሞ ነው።"